ምእመናኗ ርቀው የሄዱባት የወለቃ ጸሎት ቤት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ የከተማዋ ድምፅ ከጆሮው ሳይርቅ ወለቃ ይደርሳል። የመንደሯ መምጣት አስቀድሞ የሚታወቀው በመንገዱ ዳር በተደረደረው ሸክላ ነው፤ ጥቁር ጀበና፣ ማሰሮ፣ ድስት፣ ከእነርሱም አጠገብ መዳፍ የማይሞሉ የአንበሳና የሰው ቅርጾች። ከመንገዱ ገባ ሲሉ ሾጣጣ ጣሪያ ያላት አንዲት ትንሽ ክብ ቤት ትታያለች። በጣሪያዋ ጫፍ ላይ የዳዊት ኮከብ ቆሟል። የቤተ እስራኤላውያን ጸሎት ቤት ነበረች። ቤቷ ዛሬም አለች፤ ይጸልዩባት የነበሩት ግን አካባቢውን ለቅቀው ከሄዱ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል።

ጎብኚ ወለቃን የሚያያት አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲል ግቢ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ እና ከቁስቋም በተረፈችው ሰዓት ነው። ሸክላ ገዝቶ፣ ፎቶ ግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ጉዞው ከወለቃ ቢጀመር ግን የጎንደር ታሪክ በሌላ መልክ ይታያል። ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ ድንጋይ የጠረቡት፣ ኖራ ያቦኩት፣ እንጨት ያዋቀሩትና ብረት የቀጠቀጡት እጆች ብዙዎቹ እንዲህ ካሉ መንደሮች የመጡ ናቸውና።

የማኅበረሰቡ ስም ራሱ ታሪክ አለው። ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ፈላሻ፣ አንዳንዴም ካይላ ይሏቸው ነበር። ፈላሻ የሚለው ቃል “ፈለሰ” ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር ይያያዛል፤ አገር የለሽ፣ ርስት የለሽ የሚል ስሜት ስላለው የማኅበረሰቡ አባላት አይወዱትም። የጉብኝት መጻሕፍት ግን ወለቃን እስከ ቅርብ ጊዜ “የፈላሻ መንደር” እያሉ አስተዋውቀዋታል። ስለ አመጣጣቸው ትውፊቱ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡ እስራኤላውያንን ያነሣል፤ ከዳን ነገድ የሚያደርሳቸውም አለ። የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ማኅበረሰቡ የታወቀ መልኩን የያዘው እዚሁ በኢትዮጵያ ምድር፣ በ14ኛው እና በ16ኛው ክፍለ ዘመናት መካከል እንደሆነ የሚያስረዱ በርካታ ናቸው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

በርግጠኝነት የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ በወገራና በደምቢያ አካባቢ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን በጦርነት አሸነፈ። ትውፊቱ እንደሚለው የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ እንዲሆን ተወሰነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ተራሮች ላይ ዘመተ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ሩብ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ የመጨረሻውን ትልቅ ተቃውሞ ሰበረ። ከዚህ በኋላ ቤተ እስራኤላውያን የራሳቸው ገዥ ያላቸው ሕዝብ መሆናቸው አበቃ። እምነታቸውን ያልለወጡት አብዛኞቹ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ጭሰኞች ሆኑ።

መሬት ያጣ ሰው በእጁ ጥበብ ይኖራል። ወንዶቹ ወደ ብረት ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሽመና፣ ወደ አናጢነትና ግንበኝነት አዘነበሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጋት ለዚህ ጥበብ ሰፊ ገበያ ተከፈተ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሥራ ላይ የዋለው የኖራ ግንባታ በጎንደር ተስፋፋ፤ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይም እየተተካኩ የነገሡት ነገሥታት ግንብ በግንብ ላይ ጨመሩ። ዛሬ የፋሲል ግቢ የሚባለውን ስፍራ የሚከብበው አጥር ብቻ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። የግንቡ ንድፍ ከፖርቱጋል ይሁን ከሕንድ ብዙ ተብሏል፤ ክርክሩ አንዳንዴ ድንጋዩን ማን እንደተሸከመው እስከማስረሳት ይደርሳል። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በቤተ መንግሥቱ ሥራ መሳተፋቸው በማኅበረሰቡ ትውስታም በታሪክ ጥናቶችም ይታወቃል። ከእነርሱ መካከል የበጅሮንድነት ማዕረግ ያገኙ የባለሙያ አለቆች ነበሩ።

ማዕረጉ ግን ጉርብትናን አላመጣም። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር ባካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የከተማዋ የሰፈር አቀማመጥ የዚያ ዘመን አሻራ አለበት። የእጨጌ ቤት፣ የአቡን ቤት የሚባሉት የካህናቱ ሰፈሮች ነበሩ። ሙስሊም ነጋዴዎች በቀሃ ወንዝ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ ባለው፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በሚባለው ሰፈር ተቀመጡ። የቤተ እስራኤል ሰፈር ደግሞ በካይላ ሜዳ ስም ይታወሳል። ወለቃና መሰል መንደሮች ከከተማዋ ብዙ ሳይርቁ፣ ነገር ግን ከከተማዋ ውጭ፣ በወንዝ ዳር ቆዩ።

የወንዙ ነገር እንዲሁ የመጣ አይደለም። የቤተ እስራኤል ሕግ ለንጽሕና ትልቅ ስፍራ ይሰጣል፤ ለመንጻትም የሚፈስ ውሃ ያስፈልጋል። ዓርብ ሳይመሽ ገላን መታጠብ፣ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ከተነካኩ በኋላ መታጠብ ግዴታ ነበር። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ልማድ የተነሣ “አትንኩኝ” የሚል ቅጽል አውጥተውላቸዋል። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ መርገም ጎጆ በምትባል የተለየች ቤት ይቆያሉ፤ ስትወልድ እናት ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትሰነብታለች። ኦሪት ዘሌዋውያን የሚያዝዘውን ቃል በቃል ይፈጽሙ ነበር ማለት ይቻላል።

በሌላው ወገን ያለው መራቅ ግን ከንጽሕና ሕግ የመነጨ አልነበረም። እሳትና ብረት፣ እሳትና አፈር የሚያገናኝ ሰው ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ይበላል የሚለው እምነት በሰሜኑ ደጋ ሥር የሰደደ ነበር። ልጅ ቢታመም፣ ላም ብትነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ነበር። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ እናት እንጀራዋን ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ትጋግራለች፤ ዕቃውን ያለ እነርሱ ማግኘት አይቻልም፣ ዕቃውን የሠራው ሰው ግን ይፈራል፣ ይናቃልም። ጥበብን የሚያዋርደው ይህ አመለካከት የተጎዳው ቤተ እስራኤልን ብቻ አልነበረም፤ በአገሪቱ በየአካባቢው ያሉ ሸማኔዎች፣ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች ቀምሰውታል።

ጸሎት ቤቷ በዚህ ሁሉ መካከል የመንደሩ ልብ ነበረች። ቤተ እስራኤላውያን ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ “ሰገደ” ከሚለው ግስ የወጣ፣ የመስገጃ ስፍራ ማለት ነው። ሙስሊሙም ያንኑ ስም ለራሱ ጸሎት ቤት መጠቀሙ ሴማዊ ቋንቋዎች የሚጋሩት ሥር ውጤት ነው። አሠራሯ ከአካባቢው ቤቶች ብዙም አይለይም። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሆና በእንጨትና በጭቃ ወይም በድንጋይ ትሠራለች። ኦሪቱ የሚቀመጥበት፣ ቄሶች ብቻ የሚገቡበት ክፍል ይኖራታል፤ ምእመናን ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይጸልያሉ። በቅጥር ግቢዋ ውስጥ የፋሲካው በግ የሚሠዋበት የድንጋይ መሠዊያ ነበር። መሥዋዕቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ግንኙነቱ ሲጠናከር እየቀረ መጣ።

መጽሐፋቸው በብራና በግእዝ የተጻፈው ኦሪት ነው። በሌላው ዓለም ምኩራቦች እንደሚታየው የሚጠቀለል ብራና ሳይሆን፣ እንደ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት የተጠረዘ ነው። ጸሎቱም በግእዝ፣ ጥቂቱም በአገውኛ ነበር፤ በበዓል ቀን ነጋሪትና ቃጭል ይጨመርበታል። ገዳማዊ ሕይወትም ነበራቸው። መነኮሳት በአይሁድ ዘንድ እምብዛም የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የቤተ እስራኤል ትውፊት ግን የምንኩስናውን ሥርዓት ከ15ኛው ክፍለ ዘመኑ አባ ሳብራ ያስጀምራል። የቤተ እስራኤልን ሥርዓት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሁለቱ ለዘመናት እየተራራቁ የተጎራበቱ፣ እየተጎራበቱም ከአንድ ምንጭ የቀዱ መሆናቸውን ያስተውላል።

ከሁሉም ይልቅ ስለ ወለቃ ዓይነት መንደር የሚናገረው በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ምልክት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን የጎበኙ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቤት ከሩቅ የሚያስለየው በጣሪያው ላይ የተደፋው ቀይ የሸክላ ማሰሮ እንደሆነ ጽፈዋል። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ መስቀል በሚቆምበት ስፍራ፣ በእነርሱ ጣሪያ ላይ የእናቶች የእጅ ሥራ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። የዳዊት ኮከብ ኋላ የመጣ ነው። ዛሬ ጎብኚው ፎቶ ግራፍ የሚያነሣው ኮከቡን ነው፤ ማሰሮውን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ይሆናል።

የዓመቱ ትልቁ በዓል ስግድ ነው። ከማስተሰረያ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከየመንደሩ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶች ኦሪቱን ተሸክመው ይመራሉ፤ ቃል ኪዳኑ ይነበባል፤ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለስ ጸሎት ይደረጋል። ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች መካከል አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀች ነበረች። የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን የአገሪቱ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ዛሬ በዓሉ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ ናፍቆቱ ወደነበረባት ከተማ ገብቶ መከበሩ ለሽማግሌዎቹ ትርጉሙ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም።

የመመለሱ ምኞት አስቀድሞም ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1860 የለንደን ሚስዮናውያን ቤተ እስራኤልን ለመስበክ ወደ አካባቢው ገቡ። ሙግቱና ጭንቀቱ በበረታበት በዚያ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈትልናል በማለት ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር ተጓዙ። በረሃብና በበሽታ ብዙዎች በመንገድ ቀሩ፤ የተረፉት ተመለሱ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ክፉ ቀንም ማኅበረሰቡን ክፉኛ አመናመነው። ከውጭ የመጣው እጅ ሁሉ ግን የሚስዮን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች ከአውሮፓ መጥተው ማኅበረሰቡን ለዓለም አይሁድ አስተዋወቁ። የፋይትሎቪች ተማሪ የነበሩት ታምራት አማኑኤል በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርተዋል፤ በዘመናቸው ከነበሩ የኢትዮጵያ ምሁራንም አንዱ ሆነዋል።

የርስቱ ጥያቄ በሕግ መልስ ያገኘው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ መሬት የተከለከሉበት ቀጥቃጭ ከጎረቤቱ እኩል ባለይዞታ የመሆን መብት አገኘ። ይህ በታሪካቸው ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ግን ዘገየ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 እስራኤል ለአይሁድ ሁሉ የምትሰጠው የመመለስ መብት ቤተ እስራኤልንም እንደሚጨምር ተቀብላ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጦርነትና ረሃብ ደግሞ መቆየትን አከበደው።

ከወገራ፣ ከሰሜን፣ ከደምቢያና ከአርማጭሆ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን አቀኑ። በመንገድና በስደተኞች ጣቢያ የሞቱት 4 ሺሕ ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በተካሄደው “ዘመቻ ሙሴ” ከሱዳን ወደ እስራኤል የተጓጓዙት ወደ 8 ሺሕ ይጠጋሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም፣ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በ“ዘመቻ ሰሎሞን” ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተወሰዱ። መቀመጫው ተነቅሎ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰው የጫነ አውሮፕላንም ነበር። አንድ መንደር እንዲህ ሲባዶ ቤቱ ይቀራል፣ ወንዙ ይቀራል፣ የመቃብር ስፍራው ይቀራል። ተከትሎ የማይሄደው ደግሞ ገበያው ነው፤ የጎንደር እናት ምጣድና ጀበና መፈለጓን አላቆመችም።

በወለቃ ሸክላው የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥበቡን ከቤተ እስራኤል ሴቶች የቀሰሙ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም በአካባቢው የቀሩ ዘመዶች ሥራውን ይዘውት ቆዩ። በመንደሯ አቅራቢያ የተቋቋመ የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከልም ሸክላን፣ ሽመናንና ስፌትን እያስተማረ ችግረኛ እናቶች እንጀራ እንዲያገኙበት አድርጓል። አሠራሩ አልተለወጠም። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይቦካል። ያለ ማሽን፣ በእጅ እየተጠቀለለና እየተደራረበ ቅርጹ ይወጣል፤ በለሰለሰ ድንጋይ ይታሻል፤ በጥላ ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል። ጭሱ ያጠቁረዋል። ንፋስ ከተነሣ ወይም ዕቃው በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ የሳምንት ድካም በአንድ ጠዋት ገል ይሆናል።

ትንንሾቹ ቅርጾች የኋለኛው ዘመን ናቸው። የተበራከቱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ነው፤ የይሁዳ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ኮከብ ያለባቸው ወፎች። ዛሬ ከሚሠሯቸው ሴቶች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። የዳዊትን ኮከብ በጭቃው ላይ የምታትመው እጅ በእሑድ ጠዋት ለቅዳሴ የምትነሣው እጅ ናት። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ የሌላውን ምልክት መሸጥ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ ሥራው ለኑሮ የሚሠራ እንጂ ለማታለል የሚሠራ አይደለም፤ የሸክላ ሠሪነት ስድብ የነበረበት አካባቢ ዛሬ በሸክላው ስም መጠራቱም ቀላል ለውጥ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ተመሳሳይ ዕጣ ያላቸው ስፍራዎች በሌላው ዓለምም አሉ። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ውስጥ ያለው የጀርመንታውን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1683 ከጀርመኗ ክሬፌልድ በመጡ 13 ቤተሰቦች የተቆረቆረ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ። በእምነታቸው ምክንያት በአገራቸው የተገፉት ሜኖናይቶች፣ በኢትዮጵያ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የእምነት ዘመዶች፣ በዚያ ሰፈር በ1708 በግንድ፣ በ1770 ደግሞ በድንጋይ ጌጥ አልባ ጸሎት ቤት ሠሩ። የሰፈሩ ሰዎች በ1688 የባሪያ ንግድን በመቃወም ያቀረቡት አቤቱታ በዚያ አገር ከታወቁት የመጀመሪያው ነው። ሽመናው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰፈሩም በትልቅ ከተማ ተውጧል። የድንጋዩ ቤት ግን ይህንኑ ሥራዬ ብሎ በያዘ የታሪክ ጥበቃ ማኅበር እጅ ስለሆነ ታሪኩን የሚናገር ሰው አላጣም።

የወለቃ ችግር እዚህ ላይ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጎንደር ቅርስ የፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ከከተማዋ ውጭም ጉዛራንና ጎርጎራን ይጨምራል። ወለቃ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ግንበኞቹ የሠሩት ተመዝግቧል፤ ግንበኞቹ የኖሩበት አልተመዘገበም። የድንጋይ ግንብ ለዘመናት ቸል ቢባል እንኳ ፍራሹ ይቆማል፤ የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ምርጊቱ ይታጠባል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፣ ጣሪያው ካልታየ ያፈስሳል። ቀድሞ ይህ የማኅበሩ ሥራ ነበር። ከበዓል በፊት ወንዶች ይከድናሉ፣ ሴቶች ይመርጋሉ።

ዛሬ በሩን ለእንግዳ የሚከፍቱት የመንደሩ ነዋሪዎች ናቸው። ከእንግዶቹም መካከል ከእስራኤል የሚመጡ የቤተ እስራኤል ልጆችና የልጅ ልጆች ይገኙባቸዋል፤ ወላጆቻቸው የነገሯቸውን ወንዝ፣ የአያቶቻቸውን መቃብር፣ የፈረሰውን ቤት ቦታ ይጠይቃሉ። እስራኤል ውስጥ ያደገው ትውልድ ግእዙን የሚሰማው ከቄሶቹ አፍ ብቻ ሲሆን፣ ቄሶቹም እያረጁ ነው። ዜማው በከፊል ተርፏል፤ ተመራማሪዋ ኬይ ካፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእነዚሁ መንደሮች የቀረጸችው ጸሎት ዛሬ ለጥናት ያገለግላል። ጸሎት ቤቶቹ የተሠሩበት ጥበብ፣ የመሠዊያዎቹ ስፍራ፣ የመርገም ጎጆዎቹ አቀማመጥ፣ የየወንዙ መታጠቢያ ግን በሰው ትውስታ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያንን ትውስታ የያዙትም ከፊሎቹ በወለቃ ዙሪያ ያሉ አዛውንት ጎረቤቶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ በእስራኤል የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ለመመዝገብ ዩኒቨርሲቲው በዚያው በጎንደር ከተማ ነው፤ መንደሯም ከደጁ ሩቅ አይደለችም።